ለልጆቼ ክፍል ግድግዳ የገዛሁትና ያሠራሁት፦ ከደሴ

ፊደል የለየሁት ከአያቴ ግድግዳ ላይ ነው። ቤቷ ኩታበር ነበር። ብርዱንና የሚረግፈውን አፈር እንዲይዝላት ብላ የጭቃውን ግድግዳ ጋዜጣ አልብሳዋለች፤ ሙጫው ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ እሳት ላይ የተንተከተከ ነው። አያቴ ማንበብ አትችልም ነበርና ከመደቡ ራስጌ ያለውን የአዲስ ዘመን ገጽ ዘቅዝቃ ለጥፋዋለች። እኔ ደግሞ ማታ ማታ በኩራዝ የማነበው እሱኑ ነበር፤ በጀርባዬ ተኝቼ፣ አንገቴን ወደ ኋላ ቀልሼ። ዛሬም ደንበኛ ከጠረጴዛዬ ማዶ ቆሞ የቀሚስ ሥዕል ሲያሳየኝ “አዙረው” አልልም።

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱቄ ደሴ አራዳ ነው። አምና መስከረም ላይ ሁለቱን ልጆቼን ከእኛ ክፍል አውጥተን ለራሳቸው ክፍል ሰጠናቸው፤ ሦስት ሜትር በሦስት ተኩል የሆነች፣ አንድ መስኮት ያላት ክፍል። ትልቋ ስድስት ዓመት ተኩሏ ነው፣ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ትንሹ አራት ዓመቱ ነው፣ የገባበት ነገር የለም፤ ሁሉም ነገር ውስጥ ግን አለበት። ግድግዳው ባዶ ስለነበር “የሚያስተምር ነገር ይሁንበት” ብዬ በዓመት ውስጥ አምስት ዓይነት ነገር ሞከርኩ። ጠቅላላ 5,850 ብር ወጥቶብኛል። ሰሞኑን ደንበኞቼ ልብስ ሲለኩ ደጋግመው ስለጠየቁኝ ነው አሁን የምጽፈው። የሱቆቹን ስም አልጠራም፤ ዕቃው ፒያሳ ካሉት መደብሮች በአብዛኛው ውስጥ አንድ ዓይነት ነው።

በስቲከሩ ልጀምርና ቶሎ ልገላገለው። 750 ብር። ትልቅ ዛፍ፣ ዝንጀሮዎች፣ ቀጭኔ፣ ከዛፉ ሥር ደግሞ ምን እንደሚሠራ ያልገባኝ ፔንግዊን። የኛ ግድግዳ ኮላ ቀለም ነው። ስቲከር ኮላ ቀለም ላይ ሲለጠፍ ከግድግዳው ጋር ሳይሆን ከቀለሙ ጋር ነው የሚጣበቀው፤ ሲላጥ ከነቀለሙ ይላጣል። የደሴን ክረምት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት ድረስ ገብቶ ይጠይቃችኋል። ሐምሌ ላይ ግድግዳው ወዛ፣ ቅጠሎቹ ጠርዝ ጠርዛቸው ተነሣ፣ ለቡሄ ዝንጀሮው ወለሉ ላይ ነበር። ግድግዳችሁ ዘይት ቀለም ከሆነ ይይዝላችኋል፤ ካልሆነ ገንዘባችሁን አትጣሉ። ደግሞስ እዚሁ ወሎ፣ ቦረና ሳይንት ፓርክ ውስጥ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ እያለ ልጄ መጀመሪያ ያወቀችው አውሬ ፔንግዊን መሆኑ ይገርመኛል።

የፊደል ገበታው 180 ብር ነው፤ ላሚኔት የተደረገ፣ ሰባ በሃምሳ ሳንቲም። ከሁሉም የቆየልኝ እሱ ነው፣ ግን ስሕተት አለበት። የብዙኃኑን ኀ ግዕዝ ላይ መጻፍ ሲገባቸው ኃን ጽፈውበታል። ስለዚህ ልጄ ኃን መጀመሪያም አራተኛም ላይ ታገኛታለች። አንድ ቀን “እማ፣ ይቺ ሁለት ቤት አላት እንዴ?” አለችኝ። በልብስ መለኪያ ጠመኔ ላስተካክል ብሞክር ላሚኔቱ አልያዘልኝም፤ በመጨረሻ በቋሚ እስክሪብቶ ኀ አደረግኋት። ሥዕሎቹንም ተዉት። ለኘ የሚሆን ቃል አጥተው ድመት ሥለው “ኛው” ብለዋል። ለዠ ዣንጥላ፣ ለጰ ጳጳስ፤ ሁለቱም ራብዕ ናቸው፣ ግዕዝ አይደሉም። ለፊደሉ ቃል ከሌለው ባዶውን ቢተዉት ምን ነበረበት?

ሌላው ነገር ላሚኔቱ ያንጸባርቃል። ማታ አምፖሉ ሲበራ ከመ እስከ ቀ ያለው ረድፍ ነጭ ብርሃን ብቻ ይሆናል። ከአምፖሉ ትይዩ አትስቀሉት፤ ወደ መስኮቱ ጎን ባለው ግድግዳ ላይ ይሁን።

አሰቃቀሉን ግን እኔው ነኝ መጀመሪያ ያበላሸሁት። ሰው እንደሚያደርገው አደረግሁ፦ ቆሜ፣ በዓይኔ ልክ፣ ሚስማር። ከሳምንት በኋላ ልጅቷ ስታነብ አንገቷ ወደ ላይ መቀልበሱን አየሁና የራሴ አንገት ትዝ አለኝ። ሜትሬን አንሥቼ ለካኋቸው። የትልቋ ዓይን ከወለሉ አንድ ሜትር ከአምስት ላይ ነው፣ የትንሹ ዘጠና ሳንቲም ላይ። እኔ የሰቀልኩት የመጨረሻው ረድፍ አንድ ሜትር ከሠላሳ ላይ ነበር። ለሰው ልብስ ስሰፋ ሳልለካ አልቆርጥም፤ ለልጆቼ ግን በእኔ ቁመት ሰፋሁላቸው ማለት ነው። አውርጄ የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ ስልሳ ሳንቲም ላይ እንዲያርፍ አደረግሁ። እንግዳ ሲገባ አይታይም። ትንሹ ግን በማግስቱ በጣቱ ሲነካው አገኘሁት።

ገበታ ያላችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። ልጅ ሀ ሁ ሂ ሃን በዜማ ይይዘዋል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይወርደዋል፤ ይህ ፊደል መለየት አይደለም። የኔታዎቹ ይህን ጥንት ስላወቁ ነው ወደ ጎን ያነበበውን ቁልቁል፣ ቁልቁል ያነበበውን ወደ ኋላ የሚያስነብቡት። አቡጊዳም ለዚሁ ነው፤ አ ከግዕዝ፣ ቡ ከካዕብ፣ ጊ ከሣልስ፣ ዳ ከራብዕ እያለ ሰባቱን ቤት እየዘለለ ስለሚሄድ ዜማው አያድናችሁም። እኛ ቤት መብራት ሲጠፋ ነው የምንጫወተው። የስልኬን ባትሪ አበራና ገበታው ላይ አንዲት ነጥብ አደርጋለሁ፤ ብርሃኑ ያረፈበትን ፊደል ትጠራለች። ሰባት ጊዜ ሰላሳ ሦስት፣ 231 ፊደል፤ በሁለት ወር ውስጥ የሚያስቸግሯት ኰና ጓን የመሰሉት ዲቃሎቹ ብቻ ሆኑ። መብራት ሲመጣ የምትከፋው እሷ ብቻ ናት ከሰፈሩ።

አሁን ወደ ሰዓቱ። የማልረሳው ግዢ ይህ ነው፤ 120 ብር፣ ርካሽ ነው፣ ግን ቤቴን ሁለት ሳምንት ያህል አናውጧል። “የእኔ ቀን” ይላል ርእሱ። ትልቅ ሰዓት፣ ዙሪያውን ትናንሽ ሥዕሎች። አንድ ልጅ አልጋ ላይ ተቀምጦ ያዛጋል፣ ከጎኑ ፀሐይ ትወጣለች፣ ሥሩ “ከጠዋቱ 7 ሰዓት እነሣለሁ” ይላል። ቀጥሎ “8 ሰዓት ትምህርት ቤት እሄዳለሁ”፣ “12 ሰዓት ምሳ እበላለሁ”፣ በመጨረሻም ጨረቃ ወጥታ “8 ሰዓት እተኛለሁ”። የፈረንጁን ሰዓት ቁጥሩን ሳይነኩ ቃሉን ብቻ አማርኛ አድርገው አትመውታል። ልጄ ሁለቱን አብራ ታየዋለች፦ ይህን ወረቀትና ሳሎን ያለውን እውነተኛ ሰዓት። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አልነሣም አለች። “እማ፣ ገና ከጠዋቱ ሰባት አልሆነማ።” እውነቷን ነው። በኛ ሰባት ሰዓት የምሳ ሰዓት ነው። ወረቀቱ እስከ ምሳ ድረስ እንድትተኛ ፈቅዶላታል።

ወረቀቱን አንሥቼ በራሴ ጨርቅ ሌላ ሠራሁ፤ ከቀሚስ የተረፈ ወፍራም ካኪ፣ ክቡ ስድሳ ሳንቲም፣ በቁጥሮቹ ቦታ አሥራ ሁለት የካፖርት ቁልፍ። ቆጣሪዎቹን ከአሮጌ የወንድ ቀበቶ ቆርጬ መሐሉን በአንድ ትልቅ ቁልፍ ያዝኳቸው፤ ሲያሽከረክሯቸው ቆመው ይቀራሉ፣ ያ ነው ዋናው። ጎን ለጎን ልጆቹ ከውሏቸው የሚያውቁትን ሰፋሁ። ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ፣ አዛን የሚሰማበት፤ መስጊድ። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ፀሐይ። 1 ሰዓት ከሩብ፣ ደብተርና ምሳ ዕቃ። 6 ሰዓት ተኩል፣ ከትምህርት ቤት መመለሻ። ማታ 2 ሰዓት ተኩል፣ አልጋ። ትንሹ እንኳ አሁን ረጅሙን ቆጣሪ እያዞረ “አዛን ሆነ” ይላል፣ አዛን ባይሆንም። የኛ ሰዓት ከፀሐይ ነው የሚነሣው፤ ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሲሆን አንድ ይላል። ለልጅ ከዚህ የቀለለ ሰዓት የለም። ያንኑ ለማስተማር ስድስት ሰዓት የሚያሳስት ወረቀት መሸጥ ምን ይሉታል? መልሼ ወስጄ ለሻጩ ሳሳየው “እትዬ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚመጣው” ብሎኝ ቀረ። ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ልጁ ስንት ሰዓት ላይ ምሳ እንደሚበላ እዩ።

ካርታውን ባነር ላይ ነው ያሳተምኩት፤ 600 ብር፣ ሜትር በሜትር። ሥራው ጥሩ ነው፣ ቀለሙ አልደበዘዘም፣ ክረምቱም አልነካው። ፋይሉ ግን አሮጌ ነው። ዘጠኝ ክልል ነው ያለው። ሲዳማ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ደቡብ ምዕራብ በ2021፣ ከዚያ ደግሞ በ2023 ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተለይተው ክልሎቹ አሥራ ሁለት ሆነዋል። ከማሳተማችሁ በፊት ስክሪን ላይ አስከፍታችሁ ቁጠሩ። እኔ ከታተመ በኋላ ነው የቆጠርኩት፣ ስለዚህ ማንንም አልወቅስም። አሁን ልጆቹ ካርታው ላይ የሚፈልጉት ክልል አይደለም፤ ደሴና ኮምቦልቻ ናቸው። አባታቸው የሚሠራው ኮምቦልቻ ነው። ልጅቷ በመርፌና በቀይ ክር መንገዱን ሰፋችው፤ ሐረጎ ላይ ስትደርስ “እዚህ ጋ ይጠማዘዛል” ብላ ክሩን ሦስት ጊዜ አጠማዘዘችው። ከዚያ ወደ ሐይቅ ከተማ ሌላ ሰማያዊ ክር። ካርታ ግዙ ብዬ ብመክር፣ ባነር ላይ ይሁን፤ መርፌ ይወጋዋል፣ ወረቀት ግን ይቀደዳል።

እዚህ ላይ ስደርስ ግድግዳው ሞልቶ ነበር። ዛፉ (ያኔ ገና አልወደቀም ነበር)፣ ገበታው፣ ሰዓቱ፣ ካርታው፣ ትልቋ ከትምህርት ቤት ያመጣቻቸው ሥዕሎች። አንድ ማታ በስልኬ ሳነብ አንድ ጥናት አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ነው፤ አሜሪካ ያሉ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 24 የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን አንድ ጊዜ ግድግዳው በሥዕልና በካርታ በተሞላ ክፍል፣ ሌላ ጊዜ ባዶ በሆነ ክፍል አስተማሯቸው። በተሞላው ክፍል የተማሩትን ሲጠየቁ 42 በመቶ መለሱ፣ በባዶው 55 በመቶ። ዓይናቸው ከመምህሩ እየተነጠቀ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። መኝታ ክፍል መማሪያ ክፍል አይደለም፣ ልክ ነው። ግን ትልቋ የቤት ሥራዋን የምትሠራው እዚያው ነው፤ ዴስኳም ከዛፉ ፊት ለፊት ነበር። ስለዚህ ከዴስኩ ፊት ያለውን ግድግዳ ሙሉ በሙሉ አወረድኩት። ባዶ ነው። እንግዶች “እዚህስ ምን ልትሰቅይ ነው?” ይሉኛል። ምንም።

የቀረው ትልቁ ግድግዳ ነው፣ ከአልጋቸው ትይዩ ያለው። እሱን ሰሌዳ አስቀባሁት። 4,200 ብር ከነእጁ፤ ከሁሉም ውዱ እሱ ነው፣ ከሁሉም ደግሞ የምመክረው እሱን ነው፣ ግን አንድ ሁለት ነገር ይዤ።

ቀለም ቀቢው ወጣት ነው፣ እጁ ጥሩ ነው። ከጀመረ በኋላ ግን ስንት ነገር ተጨቃጨቅን። መጀመሪያ ከወለሉ ሰማንያ ሳንቲም ላይ ልጀምር አለ፣ የትምህርት ቤት ሰሌዳ እንደዚያ ነው ብሎ። የትምህርት ቤት ሰሌዳ ለመምህር ቁመት ነው አልኩት። የልጆቼን እጅ ወደ ላይ አስዘርግቼ ለካሁ፦ ትልቋ አንድ ሜትር ከአርባ ትነካለች፣ ትንሹ አንድ ሜትር ከሃያ። ከአርባ ሳንቲም እስከ አንድ ሜትር ከአርባ ይሁን፣ ወርዱ ሁለት ሜትር። “እትዬ፣ ሰው ሲያየው ዝቅ ያለ ይመስላል” አለ። ይምሰል።

ቀጥሎ ዋጋውን ላሳንስልሽ ብሎ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ፈጭተን ከተራ ጥቁር ቀለም ጋር እንቀላቅለው አለኝ። እኛ ልጆች ሳለን በትምህርት ቤታችን ሰሌዳው ሲነጣ እንዲያ ሲደረግ አይቻለሁ፤ እጃችን ጠቁሮ ነበር የምንመለሰው። እዚህ ግን የሚተኛበት ልጅ አለ፣ ያገኘውን የሚልስ ልጅ ደግሞ አለ፣ አይሆንም አልኩ። ለሰሌዳ የተሠራውን ቀለም ገዛን፤ ስትገዙ እርሳስ የሌለበት መሆኑ ቆርቆሮው ላይ መጻፉን እዩ። ጥቁር ሳይሆን አረንጓዴ መረጥኩ፤ ጥቁሩ ክፍሏን ያጠባታል። ግድግዳውን መጀመሪያ በስቱኮ አስተካክሎ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ፣ ሁለት እጅ ቀባው። ሦስተኛ እጅ ያስፈልገው እንደነበር አሁን ነው የማውቀው፤ በመስኮቱ በኩል ያለው ጥግ ጠመኔ አይይዝም፣ ያንሸራትታል።

ትልቁን ጥፋት ግን ሁለታችንም ነን የሠራነው። ሲጨርስ “ነገ ይጻፉበት” ብሎ ሄደ። በማግስቱ ማታ ልጅቷ ሙሉውን ሰሌዳ የሚሞላ አንድ ቃል ጻፈች፦ ቂጣ። ለምን ቂጣ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ርቧት ይሆናል። ያ ቂጣ አልጠፋም። በደረቅ ጨርቅ፣ በእርጥብ ጨርቅ፣ በሳሙና፤ አሁንም ከሁሉም ጽሑፍ ሥር ዳመና መስሎ ይታያል። በኋላ አስተማሪዋ ስትነግረኝ ነው የገባኝ። አዲስ ሰሌዳ ቢያንስ ሦስት ቀን መድረቅ አለበት፤ ከዚያም ምንም ሳይጻፍበት ጠመኔውን በጎኑ አስተኝቶ ከጫፍ ጫፍ ነጭ ማልበስ፣ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ። እንደዚያ ሲሆን የቀለሙ ቀዳዳ ሁሉ እኩል ጠመኔ ይጠጣል፤ አለዚያ መጀመሪያ የተጻፈውን ብቻ ይጠጣና ይዞት ይቀራል። እኛ ቤት ቂጣን ጠጣ።

አቧራውስ? አለ። አልጋ አጠገብ አታድርጉት፤ ብርድ ልብሱ ይነጣል፣ የሚያስለው ልጅም ይቸገራል። እኛ በእርጥብ ጨርቅ ነው የምንጠርገው፣ ጨርቁም ክር ላይ ተሰቅሎ ከሰሌዳው ጎን ነው ያለው። ትንሹ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጠመኔውን በልቷል። ልጁ ደህና ነው።

የሰሌዳውን ነገር ያጸደቀልኝ ሌላ ሰው ነው። አማቴ ከደጋን ለዒድ መጥተው ክፍሉን አየት አደረጉና “ይኼማ ሉህ ነው” አሉ። በልጅነታቸው ቁርአን ቤት ገብተዋል፤ ሉሁ እንጨት ነው፣ ቀለሙ ከጥላሸትና ከሙጫ የተበጠበጠ፤ የተጻፈው በቃል እስኪያዝ ይቆይና ይታጠባል፣ ሌላ ይጻፍበታል። “ታጥቦ እንደገና የሚጻፍበት ነው የሚያስተምር፤ ያ የተለጠፈውን ወረቀት ልጅ አንዴ ካየው አበቃ” አሉኝ። በርጩማ አስጠግተው ተቀመጡና በጠመኔ አሊፍን ጻፉ፣ ከቀኝ ጀምረው። ልጄ ሮጣ ጠመኔ አመጣች፦ “አያቴ፣ በዚህ በኩል እኮ ነው የሚጀመረው!” ከግራ ሀን ጻፈች። አማቴ እየሳቁ “አብሽሪ፣ ቦታ አለ” አሉ። አንዷ ከቀኝ፣ አንዷ ከግራ እየጻፉ መጥተው ቂጣው ላይ ተገናኙ። እናቴ ደግሞ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ፩ ፪ ፫ን አስያዘቻቸው፤ በግዕዙ ቁጥር ዜሮ አለመኖሩ ልጄን እስካሁን አላስተኛትም።

ሌላ የሚጠይቀኝ ሰው፦ አዎ፣ ፎቶ አለ፤ ሱቅ ስትመጡ አሳያችኋለሁ። የጨርቅ ሰዓቱን በትእዛዝ መሥራት ጀምሬአለሁ፤ የራሳችሁን አሮጌ ቀበቶ ካመጣችሁ ዋጋው ይቀንሳል። ለሻጩ የመለስኩት ወረቀት ደግሞ ባለፈው ሳምንት ሳልፍ መስኮቱ ላይ ተሰቅሎ አየሁት፣ ዋጋው 150 ሆኗል።

ቀለም ቀቢው ለመስኮቱ በኩል ያለውን ጥግ ሦስተኛ እጅ ይቀባልኛል፤ ሩብ ያህል ቀለም ቆርቆሮው ውስጥ ቀርቷል፣ ቃልም ገብቷል። መጀመሪያ “ከጥምቀት በኋላ” አለ፣ ከዚያ “ከፋሲካ በኋላ”። አሁን ስደውልለት “እትዬ፣ ክረምቱ ይውጣ” ብሎኛል። ስለ ክረምቱ እንኳ ልክ ነው።